ስልኩ ቤት ይውላል፣ ወላጅ ሥራ ይውላል

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ልጆችና ኢንተርኔት ናቸው። አብዛኞቹ «የቱን አፕ ልጫን? ስንት ሰዓት ልፍቀድ?» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ እንዲሠሩ እንለምናለን። ልጁ ከትምህርት ቤት ከሚመለስበት ሰዓት እስከሚተኛበት ድረስ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ስልኩ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ዳታውን ማን እንደሚሞላ በየሰዓቱ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚገባን አባት «ከልጅህ ጋር አብረህ ተመልከት» ማለት አይረዳውም። እሱ የሚፈልገው እሱ በሌለበት ሰዓት የሚጸና ሥርዓት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚያ ወረቀት የተነሱ ናቸው።

«እኔም ባለቤቴም ሥራ እንውላለን። በትራንስፖርቱ ምክንያት አያት ሰፈር ቤታችን የምንደርሰው ከምሽቱ 1፡30 ነው። የ8 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን ከ9፡30 ጀምሮ ከሠራተኛችን ጋር ናቸው። ለድንገተኛ ጥሪ ብለን ያስቀመጥነው ስልክ አሁን የዩቲዩብና የቲክቶክ መመልከቻ ሆኗል። ይዤው ልሂድ?» — እናት፣ አዲስ አበባ

አይውሰዱት። አራት ሰዓት ሙሉ ልጆችዎን በስልክ ማግኘት አለብዎት። የሚለወጠው የስልኩ አሠራር ነው፤ ቀጥሎም የሠራተኛዋ ሥልጣን።

ከስልኩ እንጀምር። አንድሮይድ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወላጅ ከራሱ ስልክ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበትን የጉግል አፕ፣ ፋሚሊ ሊንክን ይጠቀሙ፤ ክፍያ የለውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዋይፋይ ወይም በቂ ዳታ ባለበት ይቀመጡ። በቅድሚያ ቤት በሚውለው ስልክ ላይ ያሉትን ፎቶዎችና ስልክ ቁጥሮች ወደ ራስዎ ስልክ ያሻግሩ። ከዚያ በስልኩ ላይ ያለውን የእርስዎን ወይም የባለቤትዎን የጂሜይል አካውንት ያስወጡ። ይህን ሳያደርጉ የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ ልጁ በአባቱ አካውንት መጠቀሙን ስለሚቀጥል ገደቡ ምንም አይነካውም። ቀጥሎ በራስዎ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክን ጭነው ለልጁ አዲስ አካውንት ይክፈቱ፤ ቤት በሚውለው ስልክ ላይም በዚያ አካውንት ይግቡ። ስልኩ የእርስዎን የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ልጁ አጠገብዎ አይቁም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ቤት ያሳስታሉ። አንደኛው የልደት ዓመት ነው። የ12 ዓመት ልጅዎ በ2006 ዓ.ም. ተወልዶ ከሆነ የሚሞላው የአውሮፓ ዘመን 2013 ወይም 2014 ነው። «2006» ብለው ከሞሉ ጉግል ልጁን ከ19 ዓመት በላይ ያደርገዋል፤ ለልጆች የተዘጋጀው ጥበቃ በሙሉ ይቀራል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከምሽቱ 2፡30 ማለት 20፡30 ነው። «2፡30» ብሎ የሞላ ወላጅ ስልኩን ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ይቆልፈዋል።

ለእናንተ ቤት የምንመርጠው እንዲህ ነው። የቀን ገደቡ 1 ሰዓት ይሁን፤ ስልኩ ከምሽቱ 2፡30 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይቆለፍ፤ አዲስ አፕ ሲጫን ሁሉ የእርስዎን ፈቃድ ይጠይቅ። ስልኩ ሲቆለፍም የሚደወልለትን ጥሪ መቀበልና የድንገተኛ ጥሪ ማድረግ ስለሚቻል አይስጉ። ገደቡን ከቢሮ ሆነው ሲቀይሩ ለውጡ የሚደርሰው የልጁ ስልክ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፤ ዳታ ካለቀ የቀድሞው ገደብ ይቀጥላል። ተጨማሪ ሰዓት የግድ ካስፈለገ ፋሚሊ ሊንክ የሚሰጥዎትን የወላጅ ኮድ በስልክ ነግረው ማስከፈት ይችላሉ። ከጉግል ክሮም ሌላ ብሮውዘር ተጭኖ ካገኙ ያጥፉት፤ ልጆች ገደብ የሚያልፉበት ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። ቲክቶክም ከ13 ዓመት በታች ላሉ አልተፈቀደም። ሁለቱም ልጆችዎ አልደረሱምና ይውጣ፤ ለምን እንደወጣ ግን ይንገሯቸው።

የሠራተኛዋ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በእነዚያ አራት ሰዓታት የቤቱ ትልቅ ሰው እሷ ናት። «ስልኩን አስቀምጡ» ስትል «አንቺ ምን አገባሽ» ከተባለች፣ ማታም እናት ለልጁ ከፈረደች፣ ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። ስለዚህ ልጆቹ ባሉበት፣ በስሟ ጠርተው፣ «ከ10 ሰዓት በፊት ስልክ የለም፤ ከ10 እስከ 11 ሳሎን ውስጥ ብቻ፤ ይህን የምታስፈጽመው እሷ ናት» ይበሉ። ሥራ እንዲቀላት ስትል ስልኩን ለትንሹ የምትሰጥበት ሰዓት ካለ የትኛው እንደሆነ ሳይቆጡ ይጠይቋት። ብዙ ጊዜ እራት የሚሠራበት ሰዓት ነው። ለዚያ ሰዓት ትልቁ ልጅ ለታናሹ እንዲያነብለት ወይም ሽንኩርት ልጦ እንዲያግዛት ያድርጉ። የእሷም ስልክ አለ፤ ለልጆቹ እንዳትሰጥ ከጠየቋት እርስዎም ዳታዋን በየወሩ ቢሞሉላት ተገቢ ነው።

ማታ ሲገቡ «ዛሬ ስንት ሰዓት አያችሁ?» ከሚሉ «ዛሬ ካያችሁት አንዱን አሳዩኝ» ይበሉ። አስር ደቂቃ ይበቃል። ደክሞዎት እንደሚገቡ እናውቃለን፤ ግን ልጁ አንድ ቀን የሚያስፈራ ነገር ሲያይ ይዞ የሚመጣው ወደዚች አስር ደቂቃ ነው።

«ዱባይ በሰው ቤት እሠራለሁ። የ11 ዓመት ልጄ ኮምቦልቻ ከእናቴ ጋር ነው፤ እናቴ ማንበብ አትችልም። ልጄ ‹ጥሩ ስልክ ግዢልኝ› እያለኝ ነው። ከዚህ ሆኜ እንዴት ልከታተለው?» — እናት፣ ዱባይ

እህታችን፣ በሩቅ ሆኖ ልጅ ማሳደግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደብዳቤዎ ይናገራል። መከታተል ይችላሉ፤ ግን በእርስዎ ስልክ በኩል ባይሆን ይመረጣል። ፋሚሊ ሊንክ የሚሠራው በጉግል የቤተሰብ ቡድን ነው፤ ቡድኑም አባላቱ ከአስተዳዳሪው ጋር በአንድ አገር እንዲኖሩ ይጠይቃል። ስለዚህ የልጁን አካውንት የሚከፍተውና የሚቆጣጠረው ኮምቦልቻ ያለ፣ ልጁ የሚያከብረው፣ ስማርት ስልክ ያለው ዘመድ ይሁን፤ እህት፣ ወንድም፣ አክስት። ያ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቤት መጥቶ ስልኩን ቢያይ፣ በየወሩም ሪፖርቱን ስክሪንሹት አንስቶ ቢልክልዎ ይበቃል።

ስልኩን ከዚያ ገዝተው ከላኩ ዋጋው የረከሰ ሁሉ አይሁን። ሻጩን ፕሌይ ስቶርን አስከፍተው፣ በሴቲንጉ ውስጥ «አባውት» የሚለው ሥር «የፕሌይ ፕሮቴክት ማረጋገጫ» የሚለውን ይመልከቱ። «ሰርቲፋይድ» ካላለ ፋሚሊ ሊንክ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

ሌላው ነገር እርስዎ የሚደውሉበት ሰዓት ነው። ሥራ ጨርሰው ክፍልዎ ሲገቡ ዱባይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሆነ ኮምቦልቻ 4 ሰዓት ነው። ልጁ እስከዚያ ስልክ ይዞ እርስዎን ይጠብቃል፤ እየጠበቀም ቪዲዮ ያያል፤ ጥሪው ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። ጠዋት እንቅልፉን ሳይጠግብ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አያቱም «እናቱን እየጠበቀ ነው» ብላ ስለምታዝንለት አትከለክለውም። በሥራ ቀናት ማታ የድምፅ መልእክት ይላኩለት፤ ጠዋት ተነሥቶ ይስማው፤ መልሱንም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይላክ። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከግማሽ ሜጋባይት በታች ስለሆነ ዳታ አይበላም። የቪዲዮ ጥሪውን ለእረፍት ቀንዎ በቀን ብርሃን ያድርጉት። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራ ለጥሪ ብቻ እንደ ቦቲም ያለ የተፈቀደ አፕ ልጁ ስልክ ላይ ያስጭኑ፤ ከማይታወቅ ሰው ለሚመጣ መልእክት ግን መልስ እንዳይሰጥ በግልጽ ይንገሩት።

እናትዎ ማንበብ አለመቻላቸው አያሳስብዎ። ለእርሳቸው የሚሰጡት ሥራ ፊደል አይፈልግም። ስልኩ ከነቻርጀሩ ሌሊት እርሳቸው መኝታ ቤት ይደር። ልጁ የሚያየው ሁሉ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ድምፁ ይሰማ፤ እርሳቸው የማይሆን ንግግር ሲሰሙ ያውቁታል። ልጁ ስልክ አይቶ ፊቱ ከተለዋወጠ ወይም ምግብ ከተወ ስልኩን ለሚያየው ዘመድ ይደውሉ። ይህን ለልጅዎ ሲነግሩ አያቱ አጠገቡ ይሁኑ፤ «አያትህ ያለችው እኔ ያልኩት ነው» ይበሉት።

የዳታ ገንዘብ በወር አንድ ጊዜ አይላኩ። በሳምንት ትንሽ ፓኬጅ ቢሞላለት ልጁ ማብቃቃት ይለምዳል፤ ችግርም ቢኖር ቶሎ ይታያል። እናት በመራቋ የሚሰማትን ሐዘን በስልክ ዋጋ ልታካክስ ብትሞክር አይፈረድባትም። ይሁንና የ11 ዓመት ልጅ ውድ ስልክ አያስፈልገውም። ሊዘረፍበትም ይችላል።

«ሦስት ልጆች፣ አንድ ስልክ። የቤት ሥራው የሚመጣው በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ነው። ሁልጊዜ ጠብ ነው፤ ዳታውም በሦስት ቀን ያልቃል። ቴሌብሬም በዚሁ ስልክ ነው።» — አባት፣ ባሕር ዳር

ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሲዘጉ የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ተለመደ፤ አሁንም በብዙ ቦታ ቀጥሏል። ጠቡን የሚያበርደው ቀላል ልማድ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ከ10 ሰዓት እስከ 10፡15 ቻናሉን ከፍቶ የሦስቱንም የቤት ሥራ በየደብተራቸው ያስጽፍ፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋ። ፒዲኤፍ ካለ አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ዳታ ይነበባል። ልጆቹ በየሳምንቱ ይፈራረቁ፤ ሥራው ሁልጊዜ በትልቁ ላይ ከወደቀ ትናንሾቹ ምንም ሳይማሩ ይቀራሉ።

ዳታው የሚያልቀው በቤት ሥራ አይደለም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ይግቡና ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ያጥፉት። ዩቲዩብ ላይ «አውቶፕሌይ»ን ያጥፉ፤ ጥራቱንም ዝቅ ያድርጉ። በ480 የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይበላል፤ በ144 ሲሆን ከመቶ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ለሒሳብ ትምህርት ግን 144 ቁጥሩን ስለሚያደበዝዝ 240 ወይም 360 ይጠቀሙ።

የገንዘቡ ጉዳይ ቸል አይባል። የቴሌብር ፒን ልጆች የማያውቁት ይሁን፤ የልደት ዓመትዎ ወይም የስልክዎ የመጨረሻ ቁጥሮች አይሁኑ። ልጆቹ ሊጠነቀቁ የሚገባው በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። «ሽልማት ደርሶሃል፣ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» ለሚል ማንም ሰው አይሰጥም፤ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ቢል እንኳ። ጥርጣሬ ሲኖር ስልኩን ዘግቶ ራስ ወደ 994 መደወል ነው። ስልኩን ለአንድ ትምህርት ሲሰጧቸው በአንድሮይድ ሴኩሪቲ ሴቲንግ ውስጥ «አፕ ፒኒንግ»ን ከፍተው ሲወጣ ፒን እንዲጠይቅ ካደረጉት ልጁ ከዚያ አፕ መውጣት አይችልም። ቴሌግራም ውስጥም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ገብተው ወደ ግሩፕ ማስገባት የሚችለው በስልክዎ የተመዘገበ ሰው ብቻ ይሁን። ልጆች ወደማያውቁት ግሩፕ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ስለሚያስገባቸው ነው።

«ባለቤቴ ለ14 ዓመት ሴት ልጃችን ስልክ ፈጽሞ አይፈቀድም ይላል። ለ16 ዓመት ወንድሟ ግን ፈቅዷል። እኔ ደብቄ የእኔን እሰጣታለሁ። የሚያስፈራኝን ነገር ስለማውቅ ባለቤቴንም ተሳስተሃል ማለት አልችልም።» — እናት፣ ሐዋሳ

የባለቤትዎ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ተመራማሪዋ ሶንያ ሊቪንግስተንና ባልደረቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በ8 የአውሮፓ አገሮች ከ6 እስከ 14 ዓመት ልጆች ያሏቸውን 6,400 ያህል ወላጆች የጠየቀ ጥናት አለ። ወላጅ ሲከለክል ልጁ የሚገጥመው አደጋ ያንሳል፤ ከኢንተርኔት የሚያገኘው ጥቅምም አብሮ ያንሳል። ወላጅ እያገዘ ሲፈቅድ ጥቅሙም አደጋውም ይጨምራል። ሁለቱም ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። በጥናቱ ወላጆች ወደ ክልከላ የሚያዘነብሉት ራሳቸው ወይም ልጃቸው ስለ ኢንተርኔት ያላቸው ችሎታ አነስተኛ ሲሆን ነው። ለልጃችሁ ይህን እናመዛዝነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር እየተሰጠ ነው። ወንድሟ በየቀኑ ሲለማመድ እሷ ባዶ እጇን እዚያ መድረስ የለባትም።

ከሁሉ የሚያሰጋን ግን የድብቁ መንገድ ነው። ልጅቷ አሁን በእናቷ ስልክ፣ አባቷ በሌለበት፣ በጥድፊያ ትጠቀማለች። አንድ ሰው ፎቶ ልኮ ቢያስፈራራት ለማን ትነግራለች? ለአባቷ ብትናገር እናቷን ታጋልጣለች። በዝምታዋ ውስጥ የሚጠቀመው አስፈራሪው ነው።

ስለዚህ ልጆቹ በሌሉበት ለሁለት ተነጋገሩ። «ልፍቀድ ወይስ አልፍቀድ» ብለው አይጀምሩ፤ ባለቤትዎ በትክክል የሚፈሩት ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ሁለት ነው፤ የማያውቁት ወንድ ያናግራታል፣ ፎቶዋ ይሰራጫል። ለእነዚህ ሁለቱ መልስ ያለው ሥርዓት አውጡና ለወንድሟም እኩል ይሥራ፤ ወንዶች ልጆችም በፎቶ ይታለላሉ፣ ገንዘብም ይጠየቃሉ። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ይሁን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሁለቱም ስልክ አባታቸው ጋ ይደር፣ በአካል ያላወቁት ሰው አይጨመር። አባታቸው የሚያስፈጽመው ሥርዓት ሲኖር የተሸነፈ አይመስለውም።

ቲክቶክ ከተፈቀደላት የልደት ዓመቷ በአውሮፓ ዘመን በትክክል ይሞላ። በእኛ 2004 የተወለደች ልጅ «2004» ብላ ከሞላች ለቲክቶክ ከ20 ዓመት ያለፈች ሴት ናት። ትክክለኛውን ከሞላች ግን ከ16 በታች ስለሆነች አካውንቷ ሲከፈት ጀምሮ እሷ ላልፈቀደችለት ሰው ዝግ ነው፤ የግል መልእክት አይደርሳትም፤ የቀኑ ገደብም 60 ደቂቃ ላይ ይጀምራል። ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ «ፋሚሊ ፔሪንግ» ከፍተው የእርስዎን አካውንት ከእሷ ጋር በኪውአር ኮድ ያገናኙ። የራስዎ ቲክቶክ ከሌለ ይህ አይሠራም፤ መክፈት ይኖርብዎታል።

ማስፈራሪያ ከመጣ ደግሞ እንዲህ ይደረግ። ገንዘብም ሌላ ፎቶም አይላክ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ንግግሩ አይጥፋ። የሰውየው ስም፣ ዩዘርኔም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት የሚታይበት ስክሪንሹት ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ ይታገድ፤ ለፖሊስም ይነገር። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የልጆችን የወሲብ ምስል ማዘጋጀትንም፣ ማሰራጨትንም፣ ይዞ መገኘትንም ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ ፎቶውን «ማስረጃ» ብላችሁ ለአጎት ለአክስት አትላኩ። አጥፊው ብዙ ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ መሆኑንም አትርሱ። ልጅቷ ስትነግራችሁ ከአፋችሁ የሚወጣው መጀመሪያው ቃል «ደግ አደረግሽ የነገርሽን» ይሁን። ስልኩን በዚያች ቀን አትንጠቋት። ልጆች የደረሰባቸውን ከሚደብቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ስልኩን እንቀማለን ብለው መፍራታቸው ነው።

«የትምህርት ቤቱን ኢሜይል የሚያነብልኝ የ11 ዓመት ልጄ ነው። የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። ከእሱ በታች እያወቅሁ እንዴት ላግዘው?» — አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ልጁን ከአስተርጓሚነት ያውጡት። ስለ ራሱ ጥፋት የተጻፈን ደብዳቤ ራሱ ልጁ እንዲተረጉም መጠየቅ ለእሱም ከባድ ፈተና ነው። የአሜሪካ የሲቪል መብት ሕግ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ብዙም ለማይችሉ ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስረዱ ያስገድዳል፤ አስተርጓሚውም በነጻ ነው። የእርስዎ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መረጃዎቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ። ቢሮው ደውለው «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ይበሉና ይጠብቁ። ኢሜይሉን በጽሑፍ ለመረዳት ደግሞ ጉግል ትራንስሌት ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ትርጉሙ ቢጎድልም የደብዳቤው ጉዳይ ምን እንደሆነ ይገባዎታል።

አስተርጓሚ ሲያገኙ እነዚህን ይጠይቁ፦ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ማጣሪያ ቤት ውስጥም ይሠራል? ልጄ የትኞቹን አፖች ለትምህርት ይጠቀማል? ያልተሠራ የቤት ሥራ የት ይታያል? መልሱን በአማርኛ ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ።

ለማገዝ ከልጁ በላይ ማወቅ የለብዎትም። «ይህን ሰው በምን አወቅኸው? ይህን ጨዋታ ማን ይከፍልበታል? ይህ እውነት መሆኑን እንዴት አረጋገጥክ?» የሚሉትን በራስዎ አማርኛ ይጠይቁት። የዕድሜ ብልህነት ያለው እርስዎ ጋ ነው። የማታ ሥራ ካለዎት የቤቱ ዋይፋይ በየሌሊቱ በተወሰነ ሰዓት የልጁን ዕቃዎች እንዲያቋርጥ ማድረግ ይቻላል፤ የኢንተርኔት ኩባንያዎ አፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ልጁ በሞባይል ዳታ እንዳያልፈው ግን የስልኩን ገደብም አብረው ያስተካክሉ።

እስራኤል ያላችሁ አንባብያን በልጃችሁ ላይ የኢንተርኔት ጥቃት፣ በክፍል የዋትሳፕ ግሩፕ የሚደርስ ስድብና ማዋረድም ጭምር፣ ሲደርስ ወደ 105 መደወል ትችላላችሁ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

«የ2 ዓመት ልጄ ስልክ ካላየች አትበላም። ምን ላድርግ?» — እናት፣ መቀሌ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስም ይሻላል ይላል። ስልክ እያዩ የሚበሉ ልጆች መጥገባቸውን ሳያስተውሉ ይውጣሉ፤ ማኘክም ይረሳሉ።

ሦስቱንም ገበታ በአንድ ቀን አይለውጡ። በጣም በምትርብበት ገበታ ይጀምሩ፤ ለብዙ ልጆች ቁርስ ነው። ምግቡን በእጇ እንድትነካው ትንንሽ ቁራሽ አድርገው ትሪ ላይ ያስቀምጡላት፤ ቤት ያሉት ትልልቆችም ስልካቸውን አርቀው አብረዋት ይብሉ። ታለቅሳለች። 20 ደቂቃ ጠብቀው ካልበላች ትሪውን ሳይቆጡ ያንሱ፤ እስከሚቀጥለው ምግብ ብስኩትና ጣፋጭ አይስጧት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ምሳውን ይጨምሩ፤ እራቱ መጨረሻ ይሁን፤ ሁሉም የሚደክምበት ሰዓት ስለሆነ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ክብደቷ ከቀነሰ ወይም ምግብ ስትውጥ ካስቸገራት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።